የአሮጌ ፒክአፕ መኪና ዝገት መከላከል

የአሮጌ ፒክአፕ መኪና ዝገት መከላከል ማለት ከብረት የተሠሩ የመኪናው ክፍሎች፣ በተለይም ሻንሲው፣ ጋቢናውና የኋላው የጭነት ሳጥን፣ በውሃ፣ በኦክስጅንና በጨው እንዳይበሉ የሚደረግ ተከታታይ የጥገና ሥራ ነው። ሥራው አራት ነገሮችን ያካትታል፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መሸፈንና መመርመር። አዲስ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ድርብ መከላከያ ይዞ ይወጣል። ዕድሜው ከ10 ዓመት ያለፈ ፒክአፕ ግን ይህ መከላከያ በጠጠር፣ በጭነትና በብየዳ በብዙ ቦታ ስለሚፋቅ፣ የመከላከሉ ኃላፊነት ከፋብሪካው ወደ ባለቤቱ ይተላለፋል።

የዝገት ጉዳት እንደ ቦታው ይለያያል። የዛገ ፓራፋንጎ የመልክ ጉዳይ ነው። የዛገ ሻንሲ ወይም የፍሬን ዘይት ቱቦ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዝገትን መከላከል ከመኪናው ዋጋ ባሻገር የመንገድ ደኅንነት አካል ተደርጎ ይወሰዳል።

## ዝገት እንዴት ይፈጠራል

ብረት በተፈጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በማዕድን መልክ ነው። በማቅለጫ ምድጃ ከኦክስጅን የሚለየው በብዙ ሙቀት ነው። ዝገት ብረቱ ወደ ቀድሞው መልኩ የሚመለስበት ሂደት ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች በአንድነት ያስፈልጋሉ፦ ውሃና ኦክስጅን። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ዝገት አይኖርም።

ሂደቱ ኤሌክትሮኬሚካላዊ ነው። እርጥበት ባረፈበት ብረት ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን እየሰጠ ይሟሟል፤ ይህ አኖድ ይባላል። ሌላው ነጥብ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ያዋሕደዋል፤ ይህ ካቶድ ይባላል። በመካከላቸው ያለው እርጥበት እንደ ባትሪ አሲድ ሆኖ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የዝገት ነጥብ እንደ አንድ ትንሽ ባትሪ ሊታይ ይችላል።

ጨው ይህን ባትሪ ያጠነክራል። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውሃ በጣም በተሻለ ሁኔታ ያስተላልፋል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ ብረቱን የሸፈነውን ስስ ተከላካይ ንብር ይሰብራል። ሙቀትም ኬሚካላዊ ለውጥን ያፋጥናል። በዚህ ምክንያት ጨው የነካውን መኪና በሞቀና እርጥበት ባለው ጋራዥ ውስጥ ሳያጥቡ ማሳደር ከውጭ በብርድ ከማሳደር የባሰ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ጭቃ በተጣበቀበት ብረት ላይ ኦክስጅን በብዛት የሚደርሰው ከጭቃው ዳር ላለው ክፍል ነው። ዳሩ ካቶድ ሲሆን ኦክስጅን ያነሰው ከጭቃው ሥር ያለው ክፍል አኖድ ይሆናል። ስለዚህ ብረቱ በዋናነት የሚበላው ከተሸፈነው ሥር ነው። ጭቃው ሲነሳ ጉድጓድ የሚገኘው ለዚህ ነው።

የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በብረታ ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሥረኛውን ክፍል ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ስፖንጅ መሰልና ተሰባሪ ስለሆነ ውሃ ይይዛል እንጂ አይከላከልም። መጠኑም ከተሠራበት ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ ቀለምን ከሥር ገፍቶ ያስነሳል፤ ተደራርበው የተበየዱ ላሜራዎችንም ይለያያል።

## ፒክአፕ ለዝገት የሚጋለጥበት ምክንያት

አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች አካላቸውና መሠረታቸው አንድ ሆኖ ይሠራል። ፒክአፕ ግን በአብዛኛው ለብቻው በተሠራ መሰላል መሰል ሻንሲ ላይ ጋቢናና የጭነት ሳጥን ተቀምጦበት ይሠራል። ይህ አሠራር ለጭነትና ለሸካራ መንገድ ጥሩ ነው። በዝገት በኩል ግን የራሱ ድክመቶች አሉት።

* ዝግ ሻንሲ። ብዙ ሻንሲዎች በአራቱም ጎን የተዘጉ የብረት ሳጥኖች ናቸው። ጭቃና ውሃ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ለመውጣት ግን ይቸግረዋል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄድ የውጭው ቀለም ደህና መስሎ ብረቱ ሊሳሳ ይችላል።
* በጋቢናና በጭነት ሳጥን መካከል ያለው ክፍተት። ጭቃ፣ ገለባና የእህል ትርፍራፊ ይከማችበታል።
* ክፍት የጭነት ሳጥን። ዝናብ በቀጥታ ይወርድበታል። ድንጋይ፣ ብረትና የከብት እግር ቀለሙን ይፍቃሉ። የጨው፣ የማዳበሪያና የሲሚንቶ ከረጢቶች ርጋፊ ደግሞ እርጥበትን ይስባል።
* ባሌስትራዎች። ተደራርበው የሚሠሩት የባሌስትራ ቅጠሎች በመካከላቸው ውሃ ይይዛሉ፤ እርስ በርስ ሲፋተጉም ቀለማቸው ይነሳል።
* በኋላ የተሰነጠሩ ቀዳዳዎች። ለመጎተቻ፣ ለዕቃ መደርደሪያና ለተጨማሪ መብራት ተብለው የሚበሱ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ካልተቀባ ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

በጋቢናው በኩል በብዛት የሚዝጉት የበሮች ታችኛ ጠርዝ፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ የጋቢናው የኋላ ማዕዘኖች፣ የጎማ ጣሪያ ጠርዝና የፊት መስተዋት ዙሪያ ናቸው። የባትሪው መቀመጫም ከአሲዱ የተነሳ ቶሎ ይበላል።

የውፍረት ልዩነትም መታወቅ አለበት። የጋቢና ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ሻንሲው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ላሜራ ቶሎ ስለሚበሳ ዝገቱ ይታያል። ሻንሲ ግን ብዙ ዓመት ታግሶ አንድ ቀን በጭነት ሥር ሊሰበር ይችላል።

## የዝገት ደረጃዎች

በተግባር ሦስት ደረጃዎች ይለያሉ።

1. የገጽ ዝገት። ቀለም በተፋቀበት ቦታ የሚታይ ቀይ ቡናማ ቀጭን ሽፋን ነው። ብረቱ ጥንካሬውን አላጣም። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና ተቀብቶ ይቆማል።
2. የቅርፊት ዝገት። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ሲፋቅ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ብረት ይታያል። ውፍረቱ መቀነሱ መለካት አለበት።
3. የበሳ ዝገት። ብረቱ ተበልቶ ቀዳዳ ተፈጥሯል። ይህን ቀለምም ሆነ ስቱኮ አይጠግነውም። የተበላው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ብረት መተካት ይኖርበታል።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ሲነካኩ የሚፈጠር ዝገት አለ። የአሉሚኒየም መደርደሪያ በብረት ቡሎን ሲታሰርና እርጥበት ሲያገኘው፣ ከሁለቱ ደካማው ቶሎ ይበላል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴል ኤፍ 150 ፒክአፕ ላይ የአሉሚኒየም አካል ሲጠቀም ሻንሲውን በብረት ነው የተወው፤ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሁለቱን ብረታ ብረቶች የሚለያዩ ሽፋኖች ወሳኝ ናቸው።

## የአየር ጠባይና የመንገድ ተጽዕኖ

በሰሜን አሜሪካ የመኪና ዝገት ዋና ምክንያት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። ተራ የገበታ ጨው የውሃን የበረዶ ነጥብ ቢበዛ እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ያወርዳል። ለበረታ ብርድ የካልሲየም ክሎራይድና የማግኒዥየም ክሎራይድ ፈሳሾች ይጨመራሉ። እነዚህ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስቡ መኪናው የደረቀ መስሎ ብረቱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ጨው በብዛት የሚበተንበት የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅና የታላላቅ ሐይቆች አካባቢ «የጨው ቀበቶ» ይባላል። «የዝገት ቀበቶ» የሚለው ስም ግን የፋብሪካዎችን መዘጋት የሚያመለክት ስለሆነ ከመኪና ዝገት ጋር መምታታት የለበትም። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሚኒሶታ፣ ኦሃዮና የካናዳው ቶሮንቶ ክረምታቸው ጨው የሚበተንበት ነው።

በባሕር ዳርቻ ደግሞ ነፋስ የጨው ርጭት ይዞ ይመጣል። በጅቡቲ፣ በምጽዋ፣ በጅዳና በዱባይ ዝናብ ጥቂት ቢሆንም የአየሩ እርጥበትና ጨው ተደምረው ብረትን ይበላሉ።

በኢትዮጵያ ደጋ የመንገድ ጨው የለም፤ ደረቁ ወቅትም ረጅም ነው። ስለዚህ መኪናዎች ከጨው ቀበቶ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራቸዋል። ሆኖም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ፣ የጥቁር አፈር ጭቃና የጥርጊያ መንገድ ጠጠር የራሳቸው ጉዳት አላቸው። ጠጠሩ ቀለሙን ይፍቃል፤ ጭቃው ያንኑ ቦታ ለሳምንታት አርጥቦ ይይዛል። በአፋር፣ ለምሳሌ በአፍዴራ ሐይቅ አካባቢ፣ ጨው በሚጭኑ መኪናዎች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከባሕር ዳርቻው ጋር የሚመሳሰል ነው።

## የፋብሪካ መከላከያ

ዘመናዊ መኪና ሲሠራ ላሜራው በመጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያም ቀለም አጥብቆ እንዲይዝ በፎስፌት መታጠቢያ ውስጥ ያልፋል። ቀጥሎ አካሉ በሙሉ በቀለም ገንዳ ውስጥ ይጠለቅና በኤሌክትሪክ ኃይል ቀለሙ እስከ ውስጠኛው ክፍተት ይሳባል። በላዩ ላይ ፕራይመር፣ ዋናው ቀለምና ግልጹ ቫርኒሽ ይደረባሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ፈጣን ጠጠር ሊሰብረው የሚችለውም ለዚህ ነው።

ሌላው ዘዴ ብረቱን በዚንክ መለበጥ ነው። ዚንክ ሽፋን ብቻ አይደለም። ሽፋኑ ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ይበላል፤ ብረቱ ይድናል። ዘዴው ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው ሳይንቲስት ሉዊጂ ጋልቫኒ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ዘዴን የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩ ብዙ ፒክአፖች ላይ የዚንክ ልባጥ ያለው ላሜራ ጥቂት ስለነበረ ለዝገት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

## ምርመራ

መከላከያ ከመቀባት በፊት የመኪናው ሁኔታ መታወቅ አለበት። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጉድጓድ ወይም በማንሻ ላይ ሆኖ ከሥር ይታያል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ለሞት የሚያደርስ አደጋ ስላለው ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል።

* ሻንሲው በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላ ብረት የታፈነ ድምፅ ያሰማል፤ ቅርፊትም ያራግፋል።
* በተጠረጠረ ቦታ ላይ ካቻቢቴ ተደግኖ ይገፋል። ብረቱ ከገባ ወይም ከተበሳ ጥንካሬው አልቋል።
* የባሌስትራ መያዣዎች፣ ሻንሲው ከኋላ አክስል በላይ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ትርፍ ጎማ የሚንጠለጠልበት መስቀለኛ ብረትና የመሪ ማርሽ የታሰረበት ቦታ በተለይ ይታያሉ።
* የፍሬን ዘይትና የነዳጅ ቱቦዎች በሙሉ ርዝመታቸው፣ በተለይም ከሻንሲው ጋር በሚታሰሩባቸው ቦታዎች፣ ይፈተሻሉ። ያበጠ፣ ቅርፊት ያወጣ ወይም ያረጠበ ቱቦ ወዲያውኑ ይቀየራል።
* የጋቢናው ምንጣፍ ተነስቶ ወለሉ ይታያል። እርጥብ ምንጣፍ ከላይ የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ያመለክታል።
* ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ዝገቱ ከውስጥ እንደመጣ ምልክት ነው።

አሮጌ ፒክአፕ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ማግኔት ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል። ወፍራም ስቱኮ ባለበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም ወይም በደካማው ይይዛል። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር በሙሉ የተቀባ አሮጌ መኪናም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል፤ ቀለሙ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ የተበላ ብረት መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩም መነበብ አለበት። በብዙ ፒክአፖች ቁጥሩ በሻንሲው ብረት ላይ የተቀረጸ ስለሆነ በዝገት ከጠፋ በዓመታዊ ምርመራና በስም ዝውውር ጊዜ ችግር ያስከትላል።

## የመከላከያ ዘዴዎች

### ማጠብና ማድረቅ

ርካሹና ዋናው መከላከያ የሥረኛውን ክፍል ማጠብ ነው። ብዙ ጊዜ በላቫጆ የሚታጠበው የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ለዝገት ግን የጎማ ጣሪያ ውስጥ፣ የሻንሲው ውስጥና የበሮች ሥር ይበልጣሉ። ጨው ባለበት አካባቢ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ በጭቃ ወቅት ደግሞ መኪናው ጭቃ በያዘ ቁጥር ይታጠባል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ጭቃውን ያወጣል፤ ነገር ግን በቤሪንግ መዝጊያዎችና በኤሌክትሪክ ማያያዣዎች ላይ በቅርብ መተኮስ የለበትም። ከታጠበ በኋላ መኪናውን ጥቂት መንዳት ውሃውን ያራግፋል፤ ፍሬኑንም ያደርቃል።

በበሮች፣ በደፎችና በሻንሲው ሥር ያሉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ወይም እንጨት መከፈት አለባቸው። የተዘጋ ቀዳዳ ያለው በር በዝናብ ጊዜ እንደ ገንዳ ውሃ ይይዛል፤ የበሩ ታችም ከውስጥ ይበላል።

### ሽፋኖች

* የዘይትና የላኖሊን ቅባቶች። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚገኝ ቅባት ነው። እነዚህ ቅባቶች ሳይደርቁ ስለሚቆዩ ወደ ስንጥቅ ይሰርጋሉ፤ ዝገት በጀመረበት ብረት ላይም ውሃና አየርን ያግዳሉ። ድክመታቸው በውሃ እየታጠቡ ስለሚሄዱ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ መታደስ ያለባቸው መሆኑ ነው። ለአሮጌ ሻንሲ ግን ከሁሉ የሚመረጡ ናቸው።
* ሰም። ሲረጭ ፈሳሽ ሆኖ ቆይቶ ለስላሳ ንብር ይሠራል። ረጅም ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ ወደ ሻንሲው፣ ወደ በሮችና ወደ ደፎች ውስጥ ይገባል። ከዘይት ይልቅ ይቆያል።
* ጎማ መሰልና ሬንጅ መሰል ሽፋን። በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ ሲቀባ የጠጠርን ምት ይከላከላል። በዛገ ወይም በእርጥብ ብረት ላይ ከተቀባ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ይታሰራል፤ ዝገቱም ሳይታይ ይሠራል።
* የኢፖክሲና የዚንክ ፕራይመር። እስከ ንጹሕ ብረት ለተፋቀ ቦታ ተስማሚ ነው። የዚንክ ፕራይመር ብረቱን በቀጥታ ካልነካ ጥቅሙ ይቀንሳል።
* የዝገት መለወጫ። በአብዛኛው ታኒክ አሲድ ወይም ፎስፈሪክ አሲድ አለው። ቀጭንና አጥብቆ የያዘ ዝገትን ወደ ጠንካራ ጥቁር ንብር ይለውጣል። ቅርፊትን አያስወግድም፤ የሳሳ ብረትንም አያጠነክርም። ከላዩ ቀለም ያስፈልገዋል።

ማንኛውም ቅባት ሲረጭ የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ ማርሚታ፣ የጎማ ክፍሎችና ቺንግያ መሸፈን አለባቸው።

### የጭነት ሳጥን

ተነቃይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሳጥኑን ከምት ይጠብቃል። ነገር ግን አሸዋና ውሃ ከሥሩ ስለሚገባ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል። ስለዚህ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተነስቶ መታጠብ አለበት። በቀጥታ በብረቱ ላይ የሚረጭ የፖሊዩሪያ ወይም የፖሊዩሬታን ሽፋን በአግባቡ ከተሠራ ውሃ ከሥሩ አያስገባም። ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ ወይም ከብት ከተጫነ ሳጥኑና የስፖንዳው ማጠፊያዎች በዚያው ቀን በውሃ ይታጠባሉ።

## የጀመረ ዝገትን ማደስ

አነስተኛ የገጽ ዝገት በሚከተለው ቅደም ተከተል ይታደሳል።

1. ቦታው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቃል።
2. የተነሳው ቀለምና ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፤ ደህና ቀለም እስኪገኝ ድረስ ወደ ዳር ይሰፋል።
3. በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይለሰልሳል። በጉድጓዶች ውስጥ የቀረ ዝገት ካለ መለወጫ ይቀባል።
4. ዘይትና አቧራ በቀለም ማቅጠኛ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል።
5. ብረቱ እርጥበት ሳይስብ በዚያው ቀን አንቲረስት ፕራይመር ይቀባል።
6. ፕራይመሩ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ከደረቀ በኋላ ሁለት ቀጫጭን ድርብ ቀለም ይቀባል። አንድ ወፍራም ድርብ ከመቀባት ይሻላል።
7. ከበስተጀርባው ክፍት ቦታ ካለ ሰም ወይም ቅባት ይረጫል። ዝገቱ ከውስጥ ከመጣ የውጭው ቀለም ብቻውን አይቆምም።

ሲፈግፉ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ስለሚያመጣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሠራት አለበት። ከብየዳ በፊት የባትሪ ገመድ ይነቀላል፤ የነዳጅ ታንክ ባለበት አካባቢ መበየድ የባለሙያ ሥራ ነው። የሻንሲ ብየዳም የመኪናውን ጥንካሬ ስለሚነካ ልምድ ባለው ሰው ብቻ ይሠራል። ከብየዳ በኋላ በሙቀቱ የተቃጠለው ቀለም፣ በተለይም በተቃራኒው ገጽ፣ ካልታደሰ አዲሱ መጋጠሚያ ቀድሞ ይዝጋል።

የዛገ የፍሬን ቱቦ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ቱቦ በጨው ስለማይበላ በብዙ አገር ለምትክ ይመረጣል።

## የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይበቃል።» ያገለገለ ዘይት ውሃን ለጊዜው ያርቃል። ነገር ግን በውስጡ አሲድ፣ የብረት ብናኝና ለጤና ጎጂ የሆኑ ውሁዶች አሉት፤ ጎማ ነክ ክፍሎችን ያበላሻል፤ እየተንጠባጠበም አፈርና ውሃን ይበክላል። ለዚህ የተዘጋጁ ቅባቶች የተሻሉ ናቸው።

«በባትሪ የሚሠራ መከላከያ መሣሪያ ዝገትን ያስቆማል።» ብረትን በኤሌክትሪክ መጠበቅ በመርከብና በተቀበረ ቱቦ ላይ ይሠራል፤ ምክንያቱም ብረቱ ያለማቋረጥ በውሃ ወይም በእርጥብ አፈር ተከብቧል። መኪና ግን በአየር ተከቦ ስለሚሄድ የኤሌክትሪክ ዑደቱ በመላው አካሉ ላይ አይዘጋም።

«ስቱኮ ዝገትን ይዘጋል።» ስቱኮ ለጉድጓድ ማስተካከያ እንጂ ለቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። ከዝገት በላይ የተለሰነ ስቱኮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብጦ ይወድቃል።

«መኪናው ካልተነዳ አይዝግም።» ሣር ላይ ወይም እርጥብ መሬት ላይ የቆመ መኪና ከሥሩ የሚወጣውን እንፋሎት ቀንና ሌሊት ይቀበላል። አየር የማያሳልፍ ሸራ ከለበሰ ደግሞ እርጥበቱ ታስሮ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና በደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ላይ ይቀመጣል።

## የሚታወቁ አጋጣሚዎች

የሻንሲ ዝገት ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት አጋጣሚዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የታየው የቶዮታ ፒክአፖች ጉዳይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ የታኮማ ሞዴሎች ሻንሲ በዝገት ቢበሳ የሚሸፍነውን የዋስትና ጊዜ ወደ 15 ዓመት አራዘመ፤ በጣም የተበሉትን መኪናዎችም መልሶ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከ2000 እስከ 2003 ሞዴል የሆኑ ቱንድራዎች ተጠሩ። ምክንያቱ ከኋላ ያለው መስቀለኛ ብረት ሲዝግ ትርፍ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ መቻሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ታኮማ፣ ቱንድራና ሴኮያ መኪናዎችን የሚመለከት ክስ በስምምነት ሲዘጋ አጠቃላይ ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ አሮጌ ፒክአፖች የፍሬን ቱቦ ዝገት ያደረገውን ረጅም ምርመራ ሲዘጋ፣ ጨው በሚበተንባቸው ግዛቶች የሚኖሩ ባለቤቶች የመኪናቸውን ሥር በደንብ እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን በየጊዜው እንዲያስመረምሩ አሳስቧል።

## ጠቀሜታው በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ፒክአፕ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1968 ማምረት የተጀመረው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በእርዳታ ድርጅቶች፣ በእርሻና በግንባታ ሥራ ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ግብር ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አዲስ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ማገዱ ተገለጸ። አዲስ መኪና ማግኘት በከበደ መጠን በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ማቆየት የግድ ይሆናል።

ሞተር ሊታደስ፣ ማርሽ ሊቀየር ይችላል። የተበላ ሻንሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ዕድሜ ማብቂያ ነው። ለዚህም ነው ለአሮጌ ፒክአፕ የሚመከረው የዓመት ሥርዓት በወቅቶች ላይ የሚመሠረተው፦ ከክረምቱ በፊት በግንቦት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን መክፈት፣ የተፋቀ ቀለም መድፈንና ሻንሲውን ቅባት መርጨት፤ በክረምት ጭቃውን ሳይቆይ ማጠብ፤ ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት ሥሩን አጥቦ፣ አድርቆ መመርመር። ጨው በሚበተንባቸው አገሮች ደግሞ ቅባቱ የበረዶው ወቅት ከመግባቱ በፊት ይረጫል፤ ምርመራው በረዶው ካለፈ በኋላ ይደረጋል።